የእድሩ ብረትና አምስቱ ሳይክሎች

ጋራዥ ይባል እንጂ መኪና ገብቶበት አያውቅም። የእማማ ወለተጻድቅ ባለቤት በሕይወት ሳሉ፣ አንድ ቀን መኪና እንገዛለን ብለው ከግቢው በር አጠገብ ሰፋ ያለ ክፍል አሠርተው የላሜራ በር አስገጠሙለት፤ መኪናው ሳይመጣ እሳቸው ሄዱ። እማማ ወለተጻድቅም ባዶ ቤት የሚጠራው አይጥ ነው ብለው የእድሩን ዕቃ አስገቡበት። ጎላ ድስቱ፣ ትሪው፣ ጆጉ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሸራው፣ የድንኳኑ ብረት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ቁልፉ በክር ታስሮ ከማተባቸው ጎን አንገታቸው ላይ ይውላል፣ ያድራል። ሰው ሞቶ ጥሩምባ ሲነፋ ከሟች ቤተሰብ ቀጥሎ የሚነሱት እሳቸው ናቸው። ድንኳን ሳይቆም ለቅሶ የለም፤ እሳቸው ሳይከፍቱ ደግሞ ድንኳን የለም።

ፊደል አልቆጠሩም። ለዚህ ሥራ ፊደል ምን ያደርጋል? የእድሩ ዕቃ ሁሉ ጫፉ አረንጓዴ ነው። ከወንዝ ማዶ ያለው እድር ቀይ ይቀባል፣ ወደ አስኮ መውጫ ያሉት ሰማያዊ። ትልቅ ለቅሶ ሲሆን እድር ከእድር ይዋዋሳል፣ ዕቃ ከዕቃ ይደባለቃል፤ የሚለየው በቀለሙ ነው። ይህንን የቀራንዮ ሰፈር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ያውቃል ብለው ነበር እማማ ወለተጻድቅ።

ታዲዮስ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ተምሯል፣ ቢሮ ይሠራል፣ ከሚስቱ ከሃናና ከሁለት ልጆቹ ጋር እዚያው ግቢ ይኖራል። ይህ ልጅ ሳይክል የሚባል በሽታ ያዘው። መጀመሪያ ለራሱ ገዛ። ቀጥሎ ለሃና። ከዚያ ልጆቹ እንዳይጣሉ ተብሎ ለሁለቱም። ይህ ሁሉ ሳይበቃው ለራሱ ሌላ ጨመረ፤ ያኛው የአስፋልት ነው፣ ይሄኛው የአቀበት ነው አለ።

«አቀበቱም ያው፣ አንተም ያው። ምን አዲስ ነገር መጥቶ ነው?» አሉት።

ሳቀ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አምስቱ በረንዳ ላይ ሲደረደሩ መተላለፊያ ጠፋ። ክረምቱም ገባ። ታዲዮስ፣ ብረቱ እንዳይዝግ ጋራዥ ይግቡ አለ። እማማ ወለተጻድቅ አልወደዱትም፤ ግን ዝናብ እያየ ንብረት ውጭ ማሳደርም ነውር ነው። ፈቀዱ።

መጀመሪያ በግድግዳው በኩል አስደግፎ በረድፍ አቆማቸው። አንዱን ለማውጣት አራቱን መጎተት ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ሃና የሷን ስትስብ የሱ ተገፋ፣ የሱ የልጆቹን ይዞ ሄደ፣ የኋለኛው ጎላ ድስቱ ላይ ወደቀና የድስቱን ጆሮ አጣመመው።

«ይሄ ድስት የስንት ሰው ንፍሮ የተቀቀለበት መሰለህ? ጎማ ሊወድቅበት ነው የኖረው?» አሉ።

«አስተካክለዋለሁ እማዬ። ሌላ መላ አለው።» ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። የፈረንጅ ጋራዥ ነው፤ ሳይክሎቹ በመዘውርና በገመድ ተስበው ጣራ ስር ተንጠልጥለዋል፣ መሬቱ ባዶ ነው፣ ሰው ተጠርጎ እንደወጣ ቤት። «አየሽ? መሬት አይነካም። ላይ ያለው ቦታ ዝም ብሎ የሚባክን ነው።»

«የኛ ኮርኒስ ችፑድ ነው። ድመት ስትሄድበት የሚጮህ ኮርኒስ ሳይክል ይሸከማል? እኔ ድስት ላወጣ ስገባ አናቴ ላይ ሊወርድ ነው?»

ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ነካ ነካ አደረገው፤ አቧራ ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ተወው። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ መንጠቆ ተክሎ በፊት ጎማቸው ልስቀላቸው አለ፣ ሥጋ ቤት እንደሚሰቀል በግ። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ የመጀመሪያው ቡሎን ገና ሲጠብቅ ከነልስኑ ወጥቶ እጁ ላይ ቀረ። ያንንም ተወው።

በመጨረሻ ከመሬት የሚቆም የብረት መስቀያ ላሠራ አለ። ግድግዳም ጣራም የማይነካ፣ በራሱ እግር የሚቆም። ሦስቱ ሳይክል ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይሰቀላሉ፤ የአንዱ መሪ ከሌላው መሪ እንዳይጋጭ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። የልጆቹ ሁለቱ ከስር በአግድም ይገባሉ። እማማ ወለተጻድቅ አሰቡበት። ብልሃት አለው። ነገር በመልኩ ሲሆን እሳቸውም አይከራከሩም።

«ይሁን» አሉ። «የእድሩን ዕቃ እንዳትነካ ብቻ።»

«ምን በወጣኝ። ባኞ ቤቱ ሲታደስ የወጣው የውሃ ቧንቧ ጥግ ላይ ቆሟል አይደል? በሱ ነው የማሠራው።»

በዚያው ሰሞን ደጀን ትኖር የነበረችው የሟች እህታቸው ተዝካር ደረሰ። እማማ ወለተጻድቅ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ለታዲዮስ ሰጡት። በዕድሜው ሙሉ እጁ ገብቶ አያውቅም። ለሳይክሉ ብለው አልነበረም የሰጡት፤ እኔ ሳልኖር ሰው ቢሞትስ ብለው ነው።

ሲመለሱ ቁልፉን ተቀብለው አንገታቸው ላይ መለሱና ጋራዡን ከፈቱ፤ መስቀያው ቆሞ ጠበቃቸው። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። አምስቱ ሳይክል በአንድ አልጋ ስፋት ልክ ተሰብስበዋል፣ አግዳሚ ወንበሩ በቦታው ነው፣ ድስቱም ተቃንቷል። ከተጠቀለለው ሸራ ጀርባም የብረት ጫፍ ብቅ ብቅ ብሎ አዩ፤ ድንኳኑ ከነብረቱ አለ ብለው አለፉ። ዓይናቸውን ክፉ ነገር ይንካው፣ ያን ዕለት ወደ መስቀያው እንጂ ወደ ጥጉ አጥርቶ አላየም።

እንዲያውም የእድሩን ሰብሳቢ ዘመነችን ጠርተው አሳዩዋት። ዘመነች ጎረቤት ናት፤ በልጅነትም በእርጅናም የምትፎካከራቸው ሴት ናት። ቁልፉ አንቺ ጋ ብቻ ለምን ይሆናል እያለች ስትነዘንዝ ዓመታት አልፈዋል።

«ልጄ የሠራው ነው» አሏት መስቀያውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ያንቺዎቹ ግቢሽን በአሮጌ ጎማ ሞልተውብሻል።»

ዘመነች በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። «ቀለሙ ይሸታል» አለች።

ጋሽ ጥሩሰው የሞቱት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከእድሩ መሥራቾች አንዱ፣ የሰው ለቅሶ ቀርተው የማያውቁ፣ ቁመታቸው የመብራት እንጨት የሚያህል። ማለዳ ጥሩምባው ተነፋ። እማማ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጋራዡን ከፈቱ። የሰፈሩ ጎረምሶች መጡና ሸራውን ከጥጉ ጎትተው አወጡ፣ ከጀርባው ያለውን ብረት አነሱ።

የዛገ የውሃ ቧንቧ። አጭርም ረጅምም፣ አንዱ ጫፉ ላይ የተሰበረ ቧንቧ መክፈቻ እንደተንጠለጠለ።

«እማማ፣ ይሄ የድንኳን ነው እንዴ?» አለ አንደኛው።

እማማ ወለተጻድቅ ወደ ውስጥ መለስ አሉ። ዓይናቸው ጋራዡን ዞረና መስቀያው ላይ አረፈ። ጠጋ አሉ። የሃና ሳይክል ፔዳል ሲገባና ሲወጣ አንዱን ቋሚ ፍቆታል። ጥቁሩ ቀለም በተላጠበት ቦታ ከስር አረንጓዴ ይታያል።

በጥፍራቸው ቀለሙን ፋቁት። አሁንም አረንጓዴ። ቀለም የገባበትን ጥፍራቸውን ጎረምሶቹ እንዳያዩባቸው ነጠላቸው ስር ከተቱት።

«ሸራውን ይዛችሁ ሂዱ። ብረቱ ይከተላችኋል» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ታዲዮስ ቁርስ እየበላ ነበር። ሳህኑን ከፊቱ አነሱበት።

«ና።»

«እማዬ ቢሮ ሊረፍድብኝ…»

«ና አልኩህ።»

መስቀያው ፊት አቆሙት። ጣታቸውን የተላጠው ቦታ ላይ አሳረፉ። ታዲዮስ አየ፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«ሮቤራ ነው የተሳሳተው» አለ። ሮቤራ ከአየር ጤና የመጣው በያጅ ነው። «ቧንቧውን ውሰድ ብዬ ነው የነገርኩት። እኔ ቢሮ ነበርኩ።»

«ጥራው።»

ሮቤራ በባጃጅ ፈጥኖ ደረሰ። ነገሩን ሲሰማ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ታዲዮስን ቀና ብሎ አየው።

«ወንድሜ፣ ደውዬልህ የለም? እማማ ይስሙኝ፣ ደውዬለታለሁ። ጥግ ላይ ሁለት ዓይነት ብረት አለ፣ አንዱ ዝጓል፣ ደህናው ጫፉ አረንጓዴ ነው፣ የቱን ላድርግ አልኩት። ቀለሙ ምን ያደርግልሃል፣ ደህናውን አድርግና በጥቁር ቀባው አለኝ።»

እማማ ወለተጻድቅ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ብረቱ መቆረጡ አናዷቸው ነበር፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ ከዚህ ጋራዥ አጠገብ ተወልዶ ያደገ ነው። በዚህ ቀለም የተቀባ ትሪ ላይ በልቷል።

«አረንጓዴው የማን እንደሆነ አታውቅም?»

«እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ አላሰብኩትም…»

«አባትህ ሲሞት ከዚህ ብረት ስር ነው የተቀመጥከው። አንዱን ቋሚ አቅፈህ አልቅሰሃል፤ እኔ ነኝ ያላቀቅኩህ። ያቀፍከውን ነው ያስቆረጥከው። ለጎማ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ እማዬ።»

«ይቅርታህንም እንደ ሳይክልህ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ቦታ አይፈጅም።»

ሮቤራ ፊቱን ወደ ውጭ መለሰ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሲተርተው የኖረውን ያን ዕለት እማማ ወለተጻድቅ በምላሳቸው ቀመሱት።

ታዲዮስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እማዬ፣ አትቸኩይ። አየር ጤና ድንኳን የሚያከራዩ አሉ። አሁን ብደውል ከነወንበሩ መጥተው ይተክሉታል፣ እንዲያውም ከእድሩ ያምራል። የኛው ድንኳን ብረቱ ሊጠገን ሄዷል እንላለን። እስከሚቀጥለው ለቅሶ ድረስ አዲስ ብረት አሠራለሁ፣ አረንጓዴ እቀባዋለሁ። ማንም አያውቅም። ቁልፉም አንቺው ጋ ይቆያል።»

የመጨረሻዋን አውቆ ነው የጨመራት። እናቱን ያውቃል።

እውነት መናገር ይሻላል፤ ውሸቱ ጣፈጣቸው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጣፈጣቸው። ዘመነች ፊታቸው መጣች፤ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ስትቀበል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስታወራው። አንገታቸው ላይ ያለውን ክር ነኩ። ታዲዮስ ስልኩን አወጣ።

ይህን ጊዜ ጋሽ ጥሩሰው ታወሷቸው። እንደዚያ ያለ ሰው፣ ለሰው ሁሉ ድንኳን ሲተክል የኖረ፣ ራሱ ሲሞት የኪራይ ሸራ ስር ሊለቀስለት ነው። ከሠርግ የወጣ ሸራ፣ ምናልባትም አበባ የተሳለበት።

«ስልኩን መልስ» አሉት።

ጋራዡ በር ላይ ዘመነች ቆማለች። መቼ እንደመጣች ማንም አላየም።

«ጎረምሶቹ ሸራ ዘርግተው ቆመዋል። ብረቱስ ወለተጻድቅ? የሟች ቤት ሰው በሰው ላይ ቆሞ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

ታዲዮስ አፉን ከፈተ። እናቱ ቀደሙት።

«ብረቱ ይኸውልሽ» አሉ ወደ መስቀያው እያሳዩ። «ልጄ ቆርጦ ሳይክል ሰቅሎበታል። ባለፈው ጠርቼ ያሳየሁሽ ይሄንኑ ነው።»

ዘመነች መስቀያውን አየች፣ ሳይክሎቹን አየች፣ እሳቸውን አየች። ሁልጊዜ የምትናገር ሴት ናት፤ ያን ዕለት ግን ቃል አጣች። ይሄ ደግሞ ከስድቧ ይልቅ አቃጠላቸው።

«ቆመሽ አትየኝ። ሮቤራ፣ ፍታው።»

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ መቁረጫ ማሽኑም ብየዳውም አይሠራም። ሮቤራ በእጅ መጋዝ ጀመረ። አምስቱን ሳይክል ታዲዮስ ራሱ አውርዶ መሬት ላይ ጣላቸው፣ መሪ በጎማ ውስጥ፣ ፔዳል በሰንሰለት ውስጥ። ሮቤራ ሲደክመው መጋዙን ለታዲዮስ ሰጠው፤ ታዲዮስ በቢሮ ሸሚዙ ተንበርክኮ ገዘገዘ፣ መዳፉ ውሃ ቋጠረ። እማማ ወለተጻድቅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ብረት ሲወጣ ተቀበሉት። መካከለኞቹ ቋሚዎች ደህና ነበሩ፤ የዳርና ዳሩ ግን የሰው ደረት ላይ ነው የሚደርሱት።

ድንኳኑ በዚያው በተቆራረጠ ብረት ቆመ። መሐሉ ከፍ አለ፣ ዳር ዳሩ አጎነበሰ፤ በሩ ከሁሉም ዝቅ አለ። የጋሽ ጥሩሰው አስከሬን ወደ መድኃኔዓለም ሄዶ ከቀብር የተመለሰው ሰው ሁሉ ሊገባ ሲል አንገቱን መድፋት ነበረበት።

እማማ ወለተጻድቅ ታዲዮስን በሩ ላይ አቆሙት።

«ሸራውን ያዝ። የሚገባውን ሁሉ ዝቅ ይበሉ በለው። የጠየቀህ ካለ እውነቱን ንገር። ብትዋሽ ከውስጥ እሰማሃለሁ።»

ቆመ። ዝቅ ይበሉ እትዬ፣ ዝቅ ይበሉ ጋሼ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ አጎንብሶ ገባ። የጋሽ ጥሩሰው የሹፌርነት ጓደኛ፣ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ድንኳን ምን ሆኖ ነው ያጠረው? ባለፈው ቆሜ ነው የገባሁት።»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት ጋሼ።»

«ለምን?»

«ለሳይክል መስቀያ።»

«ስንት ሳይክል አለህ?»

«አምስት።»

ሽማግሌው ወደ ታች አዩት። «እግርህስ ስንት ነው?»

ከውስጥ፣ በለቅሶ መሐል፣ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ታዲዮስ ሸራውን ከፍ አድርጎ ያዘላቸው። እማማ ወለተጻድቅ አልሳቁም። ከሟች ሚስት ጎን ተቀምጠው፣ ያ ከዘራና ያ የተማረ ልጃቸው ፊት ለፊት ሲቆሙ አዩና ንዴታቸው አልበረደም፤ እንዲያውም ሥር ሰደደ። እሰይ ማለትም አማራቸው፣ ማልቀስም አማራቸው። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማልቀሱ ቀለላቸው።

ሰልስቱ ወጣና እድሩ ተሰበሰበ። ታዲዮስ አዲስ ብረት እንዲያሠራ ተወሰነ፤ እሺ አለ። ሌላ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን አይጀምረውም። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ፣ ዘመነች ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አስተካክላም ስላልጨረሰች እንደገና ታስተካክላለች።

እማማ ወለተጻድቅ ክሩን ከአንገታቸው አወለቁ። ከማተባቸው ጋር ተጠላልፎ ትንሽ አስቸገራቸው። ከዚያ ቁልፉን ዘመነች ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

«ማን ጠየቀሽ?» አለች ዘመነች፤ ቀልቧ ተገፍፎ።

«ሳትጠይቂኝ ልስጥሽ ብዬ ነው።»

«ወለተጻድቅ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም። የልጅሽ ጥፋት ያንቺ አይደለም ብዬም ላስብ ነበር።»

«አስቢው። ቁልፉን ይዘሽ አስቢው። እኔ ቁልፍ ስጠብቅ የኖርኩት ዕቃው እንዳይጎድል ነው፤ ጎደለ። አለቀ። ዕቃው ግን ከግቢዬ አይወጣም፤ ይውጣ የምትሉ፣ የሚያስቀምጥ ሰፊ ቤት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።»

ማንም እጁን አላወጣም። በማግሥቱ ዘመነች መጥታ፣ የእድሩን ዕቃ በፊታቸው አየች፣ ቆጠረች፣ በሩን ቆለፈች፣ ሄደች። እማማ ወለተጻድቅ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የገዛ በራቸው በሰው እጅ ሲቆለፍ ሰሙ። ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ጠጠሩንም ምስሩንም አንድ ላይ ጣሉት።

እሑድ ጠዋት ታዲዮስ ከቤት ወጣ። የሳይክል ቁምጣውን ለብሷል፣ ቆቡን ደፍቷል፤ ጓደኞቹ አየር ጤና ይጠብቁታል። የጋራዡን በር ሳበው። ተቆልፏል።

«እማዬ፣ ቁልፉ?»

«የቱ ቁልፍ?»

ገባው። «ሳይክሎቹ ውስጥ ናቸው እኮ።»

«ናቸው።»

«ታዲያ እንዴት ነው የማወጣው?»

«ዘመነች ቤት ታውቀዋለህ። አንኳኩተህ፣ እጅ ነስተህ፣ እትዬ ዘመነች ሳይክሌን ላወጣ ነው ብትከፍችልኝ በላት። ስትመለስም አንኳኩተህ እንድትከፍትልህ ለምናት። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።»

«እንዲህ ለብሼ?»

«እንዲህ ለብሰህ።»

«አንቺ ብትጠይቂልኝ…»

እማማ ወለተጻድቅ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «እኔ? እኔ እሷን በር ክፈችልኝ ልል? ሰው ሲሞት እንኳ ከጋራዡ በር ራቅ ብዬ ነው የምቆመው ከእንግዲህ። አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተ ለምን።»

ታዲዮስ የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ። መንገዱ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነጠላ ለብሶ ይመለሳል፤ እሱ በቁምጣው በመሐላቸው አልፎ የዘመነችን ቆርቆሮ በር አንኳኳ። ከውስጥ የዘመነች ድምፅ መጣ፤ ማነው አለች፣ ስሙን ተናገረ፤ የማን ልጅ አለች፣ እያወቀችው።

«የወለተጻድቅ» አለ።

እናቱ በረንዳው ላይ ሆነው ሰሙት። ያን ስም ሲሰሙ ቁጣቸው እንደ አዲስ ፈላ፤ በልጃቸውም፣ በዘመነችም። ግን ጆሮአቸውን አላነሱም፤ በሩ እስኪከፈት አዳመጡ።